እልፍ እርምጃ

በአገራችን የሰው መወፈር እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ምስጋና የሚነገር ነገር ነው። ከረዥም ጊዜ በኋላ የተገናኘ ዘመድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለው «ተመችቶሃል፤ ወፍረሃል» ነው፤ የከሳውን ደግሞ «ምነው? አመመህ እንዴ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት አልመጣም። ረኀብን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ሥጋ ለብሶ የመጣ ልጅ ሲያይ ደስ ቢለው የሚነቀፍበት ነገር የለም። ስለዚህ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተነሥቶ «ክብደቴን ልቀንስ ነው» ሲል፥ ይልቁንም ለዚህ ሥራ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት በእጁ አስሮ ሲታይ፥ ጓደኞቹ ቢሥቁበት ሊደንቀን አይገባም። እኔም ይህን ሣቅ ዐሥራ አራት ወር ያህል ስሰማው ቆይቻለሁ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለሣቁ መልስ ለመስጠት ብቻ ሳይሆን፥ ይህ ሰዓት የሚባለው ነገር ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል፥ ያሰሩትም ሆኑ ያላሰሩት ጓደኞቼ እንዲያውቁት በማሰብ ነው።

ነገሩ ከቁንጅና አልተነሣም። አባቴ በስኳር በሽታ ከተያዙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት በግራ እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ በመጨረሻው ሁለት ጣቶቻቸውን አስቆረጠቻቸው። በዚያው ሰሞን እኔ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ብመዘን 84 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ነው። ሐኪሞች ክብደትን በኪሎ፥ ቁመትን በሜትር ለክተው ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ያካፍሉታል፤ የሚገኘው ቁጥር 25 ሲደርስ ክብደቱ ከልክ አለፈ ይላሉ፥ 30 ሲደርስ ደግሞ ውፍረት ብለው እንደ በሽታ ይቈጥሩታል። የእኔ 30 ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። የደሜም ስኳር ቢለካ በጤነኛና በበሽተኛ መካከል ባለው ድንበር ላይ ቆሞ ተገኘ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይተው፥ «ገና በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱን ይዞታል» አሉኝ። የአባቴ እግር በዓይኔ ላይ ነበርና ሌላ ማስፈራሪያ አላስፈለገኝም።

የገጠር ልጅ እንዴት ወደዚህ ደረሰ የሚል ቢኖር ታሪኩ አጭር ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጧት አንድ ሰዓት፥ ማታም አንድ ሰዓት በእግሬ እሄድ ነበር። በቤታችን ደግሞ ውኃ የሚቀዳ፥ ከብት የሚመልስ፥ ወፍጮ ቤት የሚላክ እኔው ነበርኩ። ያን ጊዜ እርምጃዬን የቈጠረ ሰው አልነበረም፤ መቁጠርም አላስፈለገም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ ግን የቀን ኑሮዬ ከመኝታ ቤት ወደ መማሪያ ክፍል፥ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፥ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ምግብ አዳራሽ ሆነ፤ በሁሉም ዘንድ የሚጠብቀኝ ወንበር ነው። ሆዴ ግን የገጠሩን ልማድ አልተወም፤ የሁለት ሰዓት መንገድ እንደሚጠብቀው ሰው መብላቱን ቀጠለ። ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከየክልሉ የመጣን ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ከስተን፥ በሦስተኛው ዓመት ሱሪያችን ጠብቦን የምንታየው ብዙዎች ነን።

ሐኪሟ ያዘዙልኝ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ከክብደትህ ከመቶ ሰባት ያህል ቀንስ፥ በሳምንትም ከ150 ደቂቃ ያላነሰ ፈጠን ያለ እርምጃ ሂድ የሚል ነው። ይህ ትእዛዝ እንዲያው የተባለ አይደለም። በ2002 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ጥናት 3,234 የደም ስኳራቸው በድንበር ላይ ያለ ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን አመጋገቡን እያስተካከለ ክብደቱን ከመቶ ሰባት እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ፤ ሁለተኛው ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን ዋጠ፤ ሦስተኛው መድኀኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠው። ከሦስተኛው ወገን ጋር ሲተያይ፥ መድኀኒቱ በሽታውን ከመቶ 31 ሲቀንሰው፥ የመጀመሪያው ወገን ኑሮውን በመለወጡ ብቻ ከመቶ 58 ቀነሰው። እንግዲህ ለእኔ ከመቶ ሰባት ማለት ስድስት ኪሎ መሆኑ ነው። ስድስት ኪሎ ደግሞ የምንማርበት ሰፈር ስም ነውና፥ ጓደኞቼ «ስድስት ኪሎን ከስድስት ኪሎ ሊያስወጣት ነው» እያሉ ሲቀልዱ ከረሙ።

ሰዓቱን የላከችልኝ ዋሽንግተን የምትኖር አክስቴ ናት፤ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለእኔ አወረሰችኝ። ባለሙያ ከፍቶ ባያሳየኝም አሠራሩን ለማወቅ አንብቤአለሁ። በውስጡ የእጅን እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ እጅግ ትንሽ መሣሪያ አለ። ሰው ሲራመድ እጁ በተራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ሰዓቱ ያንን ውዝዋዜ ተከትሎ «ይህ እርምጃ ነው» ብሎ ይገምታል። ከሥሩ የሚታየው አረንጓዴ ብርሃን ደግሞ ለልብ ምት ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል፤ ልብ በመታ ቍጥር በቆዳ ሥር ያለው ደም ስለሚበዛ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ ሰዓቱ ይህን መብዛትና ማነስ ይቆጥራል። ስለዚህ ሰዓቱ እግራችንን አያይም፤ የሚያየው እጃችንን ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰዓቱ ከሳጥኑ ሲወጣ በቀን 10,000 እርምጃ እንድሄድ አዘዘኝ። ይህን ቁጥር ማን ወሰነው ብዬ ብፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በጥቅምት ወር 1964 በቶኪዮ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር አበበ ቢቂላ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፥ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ጃፓኖች ያን ውድድር ካስተናገዱ በኋላ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ማሰብ አብዝተው ነበር። በሚከተለው ዓመት በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ በወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙንም ማንፖ ኬይ አለው። ትርጉሙ «ዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ የተመረጠው ለጆሮ ስለጣመና ለማስታወስ ስለቀለለ ነው እንጂ፥ ከዐሥር ሺህ በታች የሄደ ይታመማል የሚል ማስረጃ ስለተገኘ አይደለም።

ጃፓኖች ዐሥር ሺህን በአንድ ቃልና በአንድ ምልክት ይጠሩታል። እኛም እንዲሁ ነን። በግእዝ ቁጥር ፼ ብለን የምንጽፈውን እልፍ እንለዋለን። ሰውንም ከቆመበት ጥቂት እንዲንቀሳቀስ ስንፈልግ «እልፍ በል» እንለዋለን። በአንድ ቃል ትልቁን ቁጥርም ትንሿን እርምጃም መጥራታችን ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ቆይቼ እንዳየሁት ከሁለቱ የሚጠቅመው ሁለተኛው ትርጉም ነው። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በአማካይ 72 ዓመት የሆናቸውን ከ16,000 በላይ ሴቶች ተከታትሎ፥ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ከሚሄዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የመሞታቸው ነገር እንዳነሰ፥ ጥቅሙም እስከ 7,500 ድረስ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ ወዲያ እንደቆመ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አረጋውያን ነውና ለእኛ ዕድሜ በቀጥታ አይጠቀስም። ነገር ግን እልፍ የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ ሕግ አለመሆኑን ያስረዳል።

ሰዓቱን ባሰርኩበት በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዴ ኖሬ የየቀኑን ቁጥር ብቻ ጻፍኩ። አማካዩ 3,100 ሆነ። ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ለመጨመር ወሰንኩ። አንዲት ሺህ እርምጃ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ያህል ናት። በታክሲ የምሄድባትን ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለችውን መንገድ በእግሬ አደረግኋት፤ አንድ ሺህ ተገኘ። ከእራት በኋላ ማስታወሻዬን በጄ ይዤ በግቢው ውስጥ እየዞርኩ ማጥናት ጀመርኩ፤ ሌላ ሺህ ተገኘ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ስለ እኔ የተነገረ መሰለኝ። የሰዓቱን ምስጋና የምናገረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚገምተው ሁልጊዜ ከእውነቱ ይበልጣል፤ «ዛሬ ብዙ ተንቀሳቀስኩ» ብለን የምንተኛበት ቀን ሲቈጠር ሦስት ሺህ ይሆናል። ሰዓቱ አያሞግስም፥ አያማም፤ ያየውን ይናገራል።

ይሁን እንጂ ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው። እጅን እንጂ እግርን አያይም ያልኩት ለዚህ ነው። እሑድ እሑድ ልብሴን በሳፋ ዘፍዝፌ ሳሽ፥ አንድ ርምጃ ሳልሄድ በመቶ የሚቈጠሩ እርምጃዎች ይመዘግብልኛል። ከመኝታ ቤት ጓደኞቼ አንዱ ይህን ካወቀ ወዲህ ሰዓቱን ተውሶ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እጁን እያወዛወዘ «ናዝሬት ደርሻለሁ» ይለናል። በአንጻሩ ግን ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አንድ ኪሎ ሜትር ብሄድ ግማሹን ያስቀርብኛል። ዐቀበትና ቍልቍለትም ለእርሱ አንድ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጧት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ፥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች አንዲቱ ሸክማቸውን በድንጋይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘኋቸው።

«እንደምን አደሩ፥ እማማ» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ልጄ፥ በጧቱ ወዴት ነው?»

«የትም አይደለም፤ እንዲያው ለመሄድ ያህል ነው የምወጣው።»

ሰዓቱን በእጄ አይተው ኖሮ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። እርምጃ ይቈጥራል አልኋቸው።

«ቆጥሮስ?» አሉ፤ «ይከፍልሃል?»

ሁለታችንም ሣቅን። ሸክማቸውን አንሥተው እንዲሸከሙ አገዝኋቸው። ገመዱን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘው ጐንበስ ብለው ወረዱ። ከኋላቸው እያየሁ ያሰብኩት፥ ይህን ሰዓት ለእኒህ እናት ባስርላቸው እጃቸው አይወዛወዝምና ከእርምጃቸው ብዙውን እንደማይቈጥርላቸው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ ሸክም ይዞ የሚወርድን ሰው «ዛሬ ሰንፈሃል» የሚል፥ በሳፋ ፊት የተቀመጠን ተማሪ ግን «ጐበዝ» የሚል ምስክር ምን ያህል እንደሚታመን እናንተው ፍረዱ። መሣሪያው የተሠራው ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነው፤ ለእኔ ያገለግለኛል፤ የሰውን ድካም ሁሉ መለኪያ ግን አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተው ስለ ምግብ ኀይል የሚሰጠው ቁጥር ነው። ማታ ማታ «ዛሬ ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልህ» ይላል። በ2017 ስታንፎርድ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ 60 ሰዎች ሰባት ዓይነት የእጅ ቆጣሪዎችን አስረው ተመርምረው ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከመቶ አምስት በማይደርስ ልዩነት ለኩ። የተቃጠለውን ካሎሪ ግን ከሰባቱ አንዱ እንኳ በደኅና አልለካም፤ የተሻለው በአማካይ ከመቶ 27፥ የባሰው ከመቶ 93 ስቶ ተገኘ። እንግዲህ ሰዓቱ «አቃጠልህ» ያለውን አምኖ በዚያው ልክ የሚበላ ሰው ምን እንደሚደርስበት ግልጥ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ወደ 30 ግራም የሚደርስ ስኳር አለው፤ እርሱን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል መሄድ ያስፈልጋል፤ ለመጠጣት ግን ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ክብደት በብዛት የሚቀነሰው በማዕድ ላይ ነው፤ እግር የሚረዳው የተቀነሰው ተመልሶ እንዳይመጣና ልብና ደም እንዲበረቱ ነው። ስለዚህ እኔ ለስላሳውን ተውኩ፤ የሻዩን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ አወረድኩ፤ ከእንጀራው በላይ የምጨምረውን ዳቦ አስቀረሁ፤ ሽሮውንና ምስሩን ግን እስክጠግብ በላሁ። ጾም ሲገባ «አሁንስ ትከሳለህ» ያሉኝ ነበሩ። ነገር ግን ፓስታ፥ ዳቦና በዘይት የተጠበሰ ድንች ሁሉም የጾም ናቸው፤ ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ብቻ ሰው አይከሳም።

በአራተኛው ወር ክብደቴ 80 ላይ ደርሶ ቆመ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አልተነቃነቀም። ፈተናም በዚያው ሰሞን ነበር። ሰዓቱ በየሰዓቱ እየተንቀጠቀጠ «ተነሥ» ይለኛል፤ ቁጥሩም ከእልፍ ሲጐድል ፊቱ ላይ ያለችው ክብ ሳትሞላ ታድራለች። በመጀመሪያ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር እንደ ዕዳ መሰብሰቢያ ሆነ። ቆጣሪ ያሰሩ ብዙ ሰዎች ከጥቂት ወራት በኋላ በመሳቢያ ውስጥ የሚጥሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህንም የሚያጠናክር ጥናት አለ። በ2016 የታተመ፥ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው ምርመራ፥ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን 471 ሰዎች ሁለት ዓመት ተከታተለ። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አንድ ዓይነት ምክርና አንድ ዓይነት የአመጋገብ ሥርዐት ተሰጣቸው። ከዚያ ግማሾቹ ቆጣሪ ታሰረላቸው፤ ግማሾቹ ያለ ቆጣሪ የሠሩትን ራሳቸው እየመዘገቡ ቀጠሉ። በሁለት ዓመት መጨረሻ ቆጣሪ ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፥ ራሳቸው ይመዘግቡ የነበሩት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። ለሰዓቱም እንዳንበድል፥ በ2022 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሌላ ጽሑፍ ቆጣሪ ያሰሩ ሰዎች በቀን 1,800 ያህል እርምጃ እንደሚጨምሩ፥ ክብደታቸውም አንድ ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ አስታውቋል። አንድ ኪሎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስድስት አይደለም።

እኔን ከመሳቢያው ያዳነኝ ሰዓቱ አልነበረም፤ አባቴ ናቸው። ቁስላቸው ከዳነ በኋላ ሐኪማቸው ሰፊ ጫማ አድርገው በየቀኑ ቀስ ብለው እንዲሄዱ ፈቅደውላቸዋል። እርሳቸውም በሰፈራችን ያለውን የትምህርት ቤት ሜዳ መዞር ጀመሩ። ዙሩ እንዳይጠፋባቸው በቀኝ ኪሳቸው ባቄላ ይዘው፥ አንድ ጊዜ በዞሩ ቍጥር አንዲት ባቄላ ወደ ግራ ኪሳቸው ያሳልፋሉ። በስልክ ስንነጋገር ይህን ነገሩኝ።

«ዛሬ ስንት ባቄላ ሆነ፥ አባባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰባት። ያንተ ሰዓት ስንት አለ?»

«አምስት ሺህ ስምንት መቶ።»

«ይኸ በባቄላ ስንት ይሆናል?» አሉና ከት ብለው ሣቁ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ እሑድ ማታ የሳምንቱን ቁጥር እንለዋወጣለን። ሰባቱ ዐሥር ሆነ፤ ዐሥሩ ዐሥራ አራት ሆነ። አንድ እሑድ «በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን አልወጣሁም፤ እግሬ አልተመቸኝም» ሲሉኝ ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ነገር ሰዓቱ ሺህ ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ሊነግረኝ አይችልም። በሚቀጥለው ቀን ፈተናዬን ጨርሼ እንጦጦ ድረስ ወጣሁ፤ ለእርሳቸው የጐደለውን እኔ የምሞላው መሰለኝ። ጭራሮ ተሸካሚዋ እናት «ቆጥሮስ?» ያሉት ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል። ቁጥር ብቻውን አይከፍልም፤ የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ግን ይከፍላል። ፒትስበርግ ውስጥ ራሳቸው እየመዘገቡ የቀነሱት ሰዎችም፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ቁጥሩን ከመሣሪያ ሳይሆን ከራሳቸው እጅ ስላገኙት ነገሩ የራሳቸው ሆኖላቸው ይሆናል።

አሁን ከጓደኞቼ ዘንድ በቁም ነገር የተነሣብኝን ክርክር ላምጣ። «ሕዝብ በሚራብበት አገር ክብደት ለመቀነስ መድከም የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው» ይላሉ። የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ድርቅና ጦርነት ባለበት አገር ስለ ሆዳችን መጥገብ ስናወራ ማፈር ይገባናል። ነገር ግን ስኳር በሽታ የባለጠጎች ብቻ በሽታ የሚባልበት ዘመን አልፏል። አባቴ የመንግሥት ደመወዝተኛ መምህር ናቸው፤ መድኀኒታቸው በየወሩ ከቤት ቀለብ ላይ ይነሣል። በእኛ ቤት ከአንድ ደመወዝ የታናሽ እኅቴ ደብተርና የአባቴ መድኀኒት ይሻማሉ። እንግዲህ የተማረው ልጅ ነገ ሠርቶ ቤቱን ይረዳል ተብሎ ሲጠበቅ፥ እርሱም በሠላሳ ዓመቱ መድኀኒት ፈላጊ ሆኖ ቢመጣ ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል? ራስን መጠበቅ በእንዲህ ያለው ቤት ቅንጦት ሳይሆን የቤተ ሰብ ኀላፊነት ነው። የተራበውን ወገናችንንም በበሽተኛ ጕልበት አንረዳውም።

ደግሞም ሁሉ ይክሳ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከመካከላችን በቂ ምግብ ስለማያገኙ የከሱ አሉ፤ ለእነርሱ ይህ ጽሑፍ አልተጻፈም። ውፍረት የሌለባቸው፥ ነገር ግን በስልክ ላይ የሚያዩትን ሥዕል ለመምሰል ምሳቸውን የሚተዉ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ አሉ፤ ለእነርሱ ይህ ሰዓት ወዳጅ አይሆንም፤ የሚያስፈልጋቸው ቆጣሪ ሳይሆን መካሪ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰዓቱ የምንተኛበትንና የምንነሣበትን ሰዓት፥ የልባችንን ምት፥ የምንውልበትን ስፍራ ሁሉ ወደ ሠራው ኩባንያ ይልካል። የልባችንን ምት እናታችን ሳታውቀው ባዕድ ነጋዴ ማወቁ ለተማሪ ሊያሳስበው የሚገባ ነገር ነው። እኔ የማያስፈልገኝን ፈቃድ ሁሉ በስልኬ ላይ ዘግቼበታለሁ፤ ያሰራችሁም እንዲሁ ብታደርጉ ይበጃል።

ዐሥራ አራት ወር ሞላኝ። ክብደቴ 75 ኪሎ ደርሶ ነበር፤ ከበዓሉ ወዲህ 76 ሆኗል። የደሜ ስኳር ከድንበሩ ወደ ጤነኞቹ ወገን ተመልሷል፤ ሐኪሟ ግን «በየዓመቱ ተመልሰህ ና» ብለውኛል። ሥራው አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስለኝም። ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን በሦስት ቃል ልጠቅልለው። አንደኛ፥ ከየት እንደምትነሡ ሳታውቁ ወዴት እንደምትደርሱ አትወስኑ፤ አንድ ሳምንት ቍጠሩና ከዚያው ላይ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ሁለተኛ፥ እግር ማዕድን አይተካምና ከመሄዳችሁ በፊት ጠርሙሱንና የስኳሩን ማንኪያ ተመልከቱ። ሦስተኛ፥ ቁጥራችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው አበጁ፤ ሰዓት ምስክር ይሆናል እንጂ ወዳጅ አይሆንም።

ሰዓት የሌለው ሰው ምንም አልቀረበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ጥቂት ሆነን ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ እንወጣለን። የምትፈልጉ ሁሉ ኑ። ወፍራምም ቀጭንም፥ ባለ ሰዓትም ባለ ባቄላም ይቀበላል። እልፍ እንድትሄዱ የሚያስገድዳችሁ የለም፤ ከወንበሩ ላይ እልፍ ካላችሁ ይበቃል።